ፊቴን መልሱልኝ!

እኔ የውጫሌ ሰው ነኝ። አምባሰል ሥር ተወልጄ፣ ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ ልጅ ድሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ቁጭ ያልኩ ሰው። ወሎዬ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢቀርበት በመልኩ አይታማም። ሀብት የለህም ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ ጉልበት የለህም ቢሉኝ ከዘራዬን አሳያለሁ፤ መልክ የለህም ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም። አሁን ተገኘ። የተገኘውም ፎቶ ቤት ነው።

ኪሴ ውስጥ ያሉትን ጉርድ ፎቶዎች ብትደረድሯቸው የአንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚምል ምስክር አይገኝም። ለጡረታ የተነሳሁት ዓይን የለውም። ለባንክ የተነሳሁት አፍንጫ ብቻ ነው። ለዕድር የተነሳሁት ፊቱ ጠፍቶ ጋቢው ቀርቷል። የቅርቡ ደግሞ የልጄ ታናሽ ሆኗል። ጎረቤቴ ሸኹ ቡና ላይ አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ «እኒህ ሁሉ ወንድሞችህ ናቸው? አላህ ያቆይልህ» ብለው መለሱልኝ።

እርጅና ነው ይሉኛል። እርጅናማ የራሴ ነው፤ ተስማምተን እንኖራለን። እኔ የምከሰው መብራቱን፣ የመብራቱን ባለቤት፣ ከዚያም ኋላ በኮምፒውተር የሚደረግብኝን ነገር ነው። ክሴን በተራ ላሰማ፤ ሽማግሌ የሚሆን ካለ ይቀመጥ።

የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም። መጋረጃውን ገልጠው ሲገቡ የሚሽከረከር በርጩማ አለ። ሰውን «አትነቃነቅ» እያሉ በሚሽከረከር ነገር ላይ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ብልኃት ነው? ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጣራው ላይ ረጅም ነጭ መብራት እየተንቀጠቀጠ ይበራል። ካሜራው አናት ላይ ደግሞ ፍላሹ አፍጥጦ ይጠብቃል።

«ፋዘር፣ ቀና በል!» አለኝ ልጁ።

እንግዲህ አባቱ ብሆን ኖሮ «አንተ» ብሎ አይጠራኝም ነበር። በኛ አገር ትልቅ ሰው አንቱ ነው። ይሁን ብዬ ቀና አልኩ።

«በዛ! ዝቅ በል። ትከሻህን! በዚያኛው! መነጽር አውልቅ!»

መነጽሬን ሳወልቅ ልጁም ካሜራውም አብረው ጠፉ። ድምፁ ወደመጣበት አቅጣጫ ዓይኔን በለጠጥኩ።

«አታፍጥ ፋዘር፣ ፈገግ በል!»

ፈገግ ልል ስል «ጥርስ አይታይ!» አለኝ። ከንፈሬን ገጥሜ ለመሳቅ ስታገል ብልጭ አደረገብኝ። «ጨፍነሃል፣ እንደገና!» እንደገና አፈጠጥኩ። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸና ስለ ሠርግ አልበም ዋጋ መከራከር ጀመረ። እኔ ከንፈሬን እንደገጠምኩ፣ ደረቴን እንደነፋሁ፣ ትንፋሼን እንደያዝኩ ጠበቅሁት። ስልኩን በትከሻው ይዞ ያነሳኝ ያን ጊዜ ነው።

የወጣው ፎቶ ይኸውላችሁ። ግንባሬ ተቀቅሎ እንደተላጠ እንቁላል ያብለጨልጫል። ዓይኖቼ በነበሩበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ አለ። አገጬ አረንጓዴ ነው። ጥላዬ ደግሞ ጆሮዬ ሥር ተለጥፎ ግድግዳው ላይ ከእኔ የበለጠ ጎልቶ ወጥቷል። «ቆንጆ ወጥቷል ፋዘር» ብሎ በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ ልግባ፤ መብራቱ። ልጆቼ ሆይ፣ ፎቶ ማለት ብርሃን ነው፤ ካሜራውማ ብርሃኑን መቀበያ ዕቃ ነው። ብርሃን ከአናት ሲወርድ ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፣ አፍንጫም ከንፈር ላይ ይጥላል። ለዚህ ማስረጃ ካስፈለገ በቀትር ገበያ መሐል የተነሳን ፎቶ ማየት ነው፤ ዓይን ያለው ሰው አይገኝበትም። ፍላሹ ከካሜራው አናት ላይ ሲተኩስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብርሃኑ ካሜራው ከሚያይበት አቅጣጫ ስለሚመጣ በጉንጭና በአፍንጫ መካከል ያለውን ጥላ ሁሉ ይጠርገዋል። ፊት የሚለየው በጉብታውና በሸለቆው ነው፤ ጥላውን ስታጠፉት አምባሰልን ደልድላችሁ ሜዳ አደረጋችሁት ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ለተለጠፈው ጥላ መድኃኒቱ በርጩማውን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ወደፊት ማምጣት ብቻ ነው። ዋጋው ስንት ነው? በርጩማ የመጎተት ጉልበት።

ወግ ያለው መብራት በጎን በኩል ይቆማል፤ ከአፍንጫ ፊት ለፊትና ከጆሮ ፊት ለፊት መካከል፣ ከዓይንም ትንሽ ከፍ ብሎ። እዚያ ሲቆም ዓይን ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ ትገባለች። ያቺ ነጥብ ከሌለች ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ከቤት ወጥቷል ማለት ነው። አሁን አሁን ቀለበት የሚመስል መብራት ገዝተው ዓይናችን ውስጥ ሁለት ነጭ ክብ እያስገቡ ይሸኙናል። ለሠርገኛ ይሁን፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ ውስጥ ቀለበት ምን ይሠራልኛል?

ደግሞ መብራቱ ትልቅና ቅርብ ሲሆን ጥላው ይለሰልሳል፣ ትንሽና ሩቅ ሲሆን ይደርቃል። ሶፍት ቦክስ የሚባለው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ መብራት የተሠራው ለዚህ ነው። ልጁ ሶፍት ቦክሱን ገዝቷል፤ ጥግ ድረስ ወስዶ ካቆመው በኋላ ግን ከእኔ ስለራቀ ተራ አምፖል ሆኗል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን እነዚህን ልጆች የፊዚክስ መምህሩ አስተምሯቸው ነበር፤ ከጎን ክፍል ሆኜ ሰምቻለሁ። መብራቱን ወደ ፊቴ ቢያቀርበው ኖሮ ኋላ በኮምፒውተር ሊፍቀው የሚታገለው ሽብሽባቴ በራሱ ይለሰልስ ነበር።

መብራት ጠፋ ብሎ የሚያማርር ደግሞ በር አለለት። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሰፌዱን ይዛ፣ በሩ አጠገብ ምስር ትለቅም ነበር። ብርሃኑ በበሩ በግራዋ በኩል ይገባል፤ በቀኝ ጉንጯ ጥላ መሆን የነበረበትን ነጠላው ከታች እየመለሰ ያበራዋል። የልጅ ልጄ በስልኩ ቀጭ አደረጋት። ቤታችን ውስጥ የተሰቀለው ብቸኛው የእውነት ፎቶ ያ ነው። ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች ለዚሁ ሥራ ሪፍሌክተር የሚባል የብር ቀለም ያለው ሰሌዳ ይገዛሉ። እኛ ግን ለብሰነው እንሄዳለን፤ ፎቶ ቤት ስንደርስ ደግሞ «ነጠላውን አውልቂ» ይሉናል!

የውጭ መጽሐፍ ያነበበ አንዱ ደግሞ «የስቱዲዮ መስኮት ወደ ሰሜን ነው መሆን ያለበት» አለኝ። ለፈረንጅ እውነት ነው፤ ፀሐይ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡባቸው ስለምታልፍ በሰሜን መስኮት የሚገባው በአብዛኛው ለስላሳ የሰማይ ብርሃን ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ ብዙ አልራቅንም። ውጫሌ ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በስተሰሜናችን ናት። በፈረንጁ መጽሐፍ መስኮት ያወጣ ሰው ግንቦት ላይ ፀሐይዋን ቤቱ ድረስ ጋብዟታል። መስኮቱ ወደየትም ቢሆን ስስ ነጭ መጋረጃ ጣሉበት፤ ክርክሩም ያልቃል።

ሌላው ጉድ የግማሽ ፊት ፎቶ ነው። ከስልክ ላይ የተማሩት ነው፤ ሬምብራንት የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ መብራት ነው ይሉታል። ሰውየው ጥላ ባለበት ጉንጭ ላይ፣ ከዓይን ሥር፣ አንዲት ሦስት ማዕዘን ብርሃን ይተዋል፤ ዓይኑም ይታያል። የኛ ልጆች ሦስት ማዕዘኗን ረስተው ጨለማውን ብቻ ወሰዱ። የእኔም ግማሽ ፊት ጠፍቶ በአንድ ዓይን ቀረሁ። የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፤ በጎን ተቆርጦ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ጎረቤታችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ወንጌል አለ፤ የገዳሙ አበምኔት የነበሩት የአባ ኢየሱስ ሞአ ሥዕል በውስጡ ይገኛል። ፊት በወግ መሳል ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም ለማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ እኔን በሃያ ብር መብራት ከይሁዳ ጎን አሰለፉኝ።

ስለ ጥቁረቴም የምለው አለኝ። ነጭ ጋቢ ለብሼ ነጭ መጋረጃ ፊት ስቀመጥ ካሜራው ነጩን አይቶ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። የካሜራ ሒሳብ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ስለዚህ ጋቢው ግራጫ፣ እኔ ጨለማ እሆናለሁ። አንሺው ካሜራውን በራሱ ፈቃድ ሳይተወው ፊቴ ላይ ለክቶ ብርሃኑን ከፍ ቢያደርግ ኖሮ የዕድሩ ፎቶ ፊት ይኖረው ነበር። በፊልሙ ዘመንም ይህ በደል ነበር። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለቀለም መለኪያ የሚልከው ካርድ ላይ «ሸርሊ» የምትባል ነጭ ሴት ነበረች፤ የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው አለቀ ይባል ነበር። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን በደንብ እንዲለይ ኩባንያውን የወተወቱት ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው ይባላል። እኔ ሳልሆን ቁምሳጥኑ ጠበቃ አገኘ! ዛሬ ግን ካሜራው ተሻሽሏል፤ ሰበብ የለም።

የባንኩን አፍንጫ ነገርም ልጨርሰው። ያንን ያነሳኝ ሌላ ልጅ ነው፣ በስልኩ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ከፊት በጣም ተጠግተው ሲያነሱ ለካሜራው የቀረበው ነገር ያብጣል፤ ከፊት ደግሞ ከአፍንጫ የሚቀድም የለም። ጆሮዎቼ በፍርሃት ወደኋላ ሸሹ። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ሌንሱን አቅርቦ ማንሳት ነበር።

ሁለተኛው ክሴ ጨዋታ ማጣት ነው። ከመብራቱ ይልቅ ይሄኛው ያንገበግበኛል።

«ፈገግ በል» ትዕዛዝ ነው? ዱሼን የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሳቅ ያስተማረው አለ። ከንፈርን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ሲያዙት ይታዘዛል፤ ዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን የሚታዘዘው ለእውነተኛ ደስታ ነው ይላል። ስለዚህ ላዘዘኝ ልጅ አፌ ታዘዘለት፣ ዓይኔ እምቢ አለ። ፎቶውን የሚያይ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ደግሞም ፊት የሚኮሳተርበትና የሚፈታበት ቦታ አለው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለፓስፖርት ፎቶ ባወጣው ደንብ ፊት ሳይስቅና ሳይቆጣ፣ አፍ ተገጥሞ፣ ዓይን ተከፍቶ፣ ብርሃኑ በሁለቱም ጉንጭ እኩል አርፎ ነው የሚነሳው። ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጥላም ሳቅም አያስፈልግም። ለፋይዳ የተመዘገብኩ ጊዜ የአሥር ጣቴን አሻራ፣ የሁለት ዓይኔን አይሪስና ፊቴን ሲወስዱ ማንም ሳቅ አላለኝም፤ ትክክል ናቸው። የኛ ፎቶ ቤቶች ግን ለመታወቂያው ያስቁኛል፣ ሳሎን ለሚሰቀለው ያስኮሳትሩኛል።

የድሮ ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ የተቆጣ ለምን መሰላችሁ? ግማሹ ክብር ነው። ግማሹ ደግሞ ፎቶው የሚቀረጽበት ብርጭቆ ብርሃን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ይወስድ ስለነበር ነው፤ ሳቅን ያን ያህል ይዞ መቆየት አይቻልም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አጼ ምኒልክን ሲያነሳ፣ ልጆቹም ኋላ በቤተ መንግሥት ሲያነሱ «ጃንሆይ ፈገግ ይበሉ» የሚል አልነበረም።

ከኛ ብዙም ከማይርቀው መቅደላ በእንግሊዝ ጦር የተወሰደውን ልጅ ግን ማንሳት አለብኝ። ልዑል ዓለማየሁ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አባቱን አጼ ቴዎድሮስን አጣ፤ በጉዞ ላይ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን አጣ። በዚያው ክረምት በእንግሊዝ አገር፣ አይል ኦፍ ዋይት በምትባል ደሴት ላይ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ሴት ፎቶ አነሳችው። ሰባት ዓመቱ ነበር። ይህች ሴት ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ ነው፤ ስቱዲዮዋም ከዶሮ ቤትነት የተለወጠ የመስታወት ቤት ነበር። ትልቅ መብራት የላትም፣ ቀለበት የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም። የሰማይ ብርሃን በጎን አስገብታ፣ ልጁን ሳትቸኩል አስቀምጣ ጠበቀች። ያንን ፊት ያየ ሰው ታሪኩን ባይነግሩትም ሐዘኑን ያውቀዋል። ልጁ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ላይ ሞተ። አፅሙ ዛሬም ዊንዘር ነው፤ ፊቱ ግን እውነቱን እንደያዘ አለ። ሳቅ ቢሉት ኖሮ ይህ ፎቶ ምን ይነግረን ነበር?

እኔ ያልሳቅሁት ሐዘን ኖሮብኝ አይደለም፤ የሚያስቀኝ ስላጣሁ ነው። በወሎ ምድር ሰው የሚያስቅ ጠፋ ሲባል ጆሮ ያማል! ይህ አገር የጨዋታ አገር ነው፤ ቅኝቱ እንኳ በስማችን አምባሰል ተብሎ ይጠራል። ልጁ ካሜራውን ከመያዙ በፊት «አባባ፣ ክረምቱ እንዴት ነው? የልጅ ልጅ ስንት ደረሰ? በወጣትነትዎ ጉልበተኛ ነበሩ ይባላል፣ እውነት ነው?» ቢለኝ ኖሮ መልሱን ስጀምር ፊቴ ራሱ ሥራውን ይጨርስለት ነበር። ያን ጊዜ ቀጭ ማድረግ ነበር፤ ወሬው ሳያልቅ፣ እኔም ሳላውቅ።

ፒተር ሀርሊ የሚባል አሜሪካዊ ይህንኑ ያስተምራል። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ጥቂት ጠበብ ማድረግ ይላል፤ የተበለጠጠ ዓይን የድንጋጤ ነውና። አገጭንም ወደፊት አውጥቶ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ያስተምራል፤ የመንጋጋ መስመር እንዲወጣ፣ ሁለተኛው አገጭም እንዲደበቅ። ለዚህ ትምህርት ሰው ከየአገሩ ገንዘብ ይከፍላል። የአምባሰል ገበሬ ግን ደመና ሲመለከት ዓይኑን በነፃ ያጠብባል። መነጽሩም ቢሆን ሳይወልቅ መላ አለው፤ ጆሮ ላይ ያለውን ዘንግ ጥቂት ከፍ ቢያደርጉት ብርጭቆው ወደ መሬት ያዘነብልና ነጸብራቁ ይጠፋል። እኔም አንሺዬን አየው ነበር።

ሦስተኛው ክስ ከተነሳሁ በኋላ የሚደረግብኝ ነው።

ባለቤቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ገና ልጅ ሳለች እናቷ ያስነቀሰቻት ነው። በመስቀል ሰሞን አብረን ተነሳን። ፎቶው ሲመጣ አንገቷ ባዶ ነው፤ ልጁ ቆሻሻ መስሎት አጥቦታል። እሷ ፎቶውን ራቅ አድርጋ አየችና «ከማን ጋር ነው የተነሳኸው?» አለችኝ። ይህንን ጥያቄ በዚህ ዕድሜ መመለስ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔን ደግሞ ግንባሬን ለስልሶ፣ ሽበቴን አጥቁሮ፣ ከአርባ ዓመት በፊት እንኳ ያልነበረኝን ቆዳ አለበሰኝ። ሽብሽባቴ እኮ የደመወዝ መዝገቤ ነው፤ እያንዳንዱ የተከፈለበት ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ያሳየኝና ወረቀቱ ላይ የሰጠኝም አይገናኙም። ስክሪኑ ራሱ ብርሃን አለው፣ ወረቀት ግን የለውም፤ ስክሪኑን በጣም አብርቶ የሚሠራ ሰው ፎቶው ሲታተም ይጠቁርበታል። ይህን ስነግረው «የፕሪንተሩ ጥፋት ነው» አለኝ። ልጄ፣ እኔ የውጫሌ ሰው ነኝ! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ በተፈረመው የውጫሌ ውል የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ አስፍሮ አንቀጽ 17ን ይዞብን ሄዷል። ሁለት ገጽ ያለው ነገር ምን እንደሚያመጣ የሚነገረው እዚህ ከተማ ላለ ሰው ነው? መጨረሻው ዐድዋ ነው።

ፎቶ መቀባባትም ጣጣው ለወሎ አዲስ አይደለም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረደበት ሰሞን የሙስሊም ጥምጥም ጠምጥሞ የሚታይበት ፎቶ አዲስ አበባ ላይ ተበትኖ ነበር፤ በእጅ ተቀጥሎ የተሠራ ነው ተብሎም ይነገራል። ፎቶሾፕ ሳይፈጠር አገር ያናወጠ ሥራ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ኤዲት ላድርገው» ሲሉኝ ደሜ ቢፈላ አትፍረዱብኝ።

የልጁንም ወገን ልስማለት፤ ሽማግሌ አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ይውላል። ኪራይ አለበት። ለፈተና ምዝገባ የመጡ ተማሪዎች በር ላይ ተሰልፈው እኔን ሊያጫውተኝ ጊዜ የለውም። ድሮም ቢሆን ገነት አልነበረም። እኛ ስንነሳ ከኋላችን መጋረጃ ላይ የፈረንጅ ሐይቅ ይሳል ነበር፤ የራሳችን ሐይቅ ደጃችን ላይ ተኝቶ! አንዳንዱ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጁ ቀለም ቀብቶ የወንድን ጉንጭ ያቀላው ነበር። ነገር ግን የዚያን ዘመን አንሺ አንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ብቻ ስለነበረው ሳያስብ አይጫንም ነበር። የአሁኑ መቶ ጊዜ ተኩሶ አንዱን ይመርጣል፤ መቶውም አንድ ዓይነት መብራት ሥር የተተኮሰ ነው፣ ምን ሊመርጥ?

እንግዲህ ፍርዱን ልስጥ፤ ሌላ ሽማግሌ ስላልተቀመጠ እኔው ዳኛ ሆኛለሁ። የፎቶ ቤት ልጆች ሆይ፣ የጣራውን መብራት አጥፉ። ያላችሁን አንድ መብራት ወደ ጎን አምጡና ወደ ፊታችን አቅርቡ። በርጩማውን ከግድግዳው አርቁ፣ የማይሽከረከርም ግዙ። ግድግዳውን ነጭ ወይም ግራጫ ቀቡት፤ አረንጓዴው የአገጬን ቀለም ወስኗል። ብርሃኑን ፊት ላይ ለኩ እንጂ ጋቢ ላይ አትለኩ። ንቅሳት፣ ጠባሳና ሽብሽባት አትንኩ፤ ትናንት የወጣ ብጉር ካለ ግን እሱን አጥፉት፣ እንግዳ ነው። ትልቅ ሰውን አንቱ በሉ።

እናንተም ፎቶ የምትነሱ ወገኖቼ፣ ስትሄዱ ነጠላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ «አውልቁ» ካሏችሁ አውልቃችሁ ጉልበታችሁ ላይ አድርጉት፣ ሥራውን እዚያም ይሠራል። ከበርጩማው ላይ ሆናችሁ «መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጣራው ነው ካሏችሁ ተነሱ። «ፈገግ በል» ካሏችሁ ደግሞ «ምን ሰማህና?» ብላችሁ መልሱ። ወሬ ካለው ያውራ፣ ከሌለው ይጠይቅ። ሂሳብ ስትከፍሉም ፎቶውን ሳይሆን ጨዋታውን አስባችሁ ክፈሉ፤ ያላጫወታችሁን ልጅ ግማሹን ስጡት፣ ያነሳውም ግማሽ ሰው ነውና።